ማማ፣ ይቺ ዓሣ እናት ልትሆን ነበር?

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሮማናት አደባባይ ትንሽ ወረድ ብላ ወዳለች አነስተኛ የዓሣ መሸጫ ጎራ አልኩ። ጾም ነበር። በእኛ ቤት በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ። እናቴ አትነካውም፤ እኔና ልጆቼ ግን እንበላለን። በዚህ ጉዳይ ተከራክረን ተከራክረን ስለደከመን አሁን ማንም ማንንም አይወቅስም።

ሻጩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በረዶው ላይ የደረደራቸውን ቀረሶዎች አየኋቸው፤ ከመዳፌ ብዙም አይረዝሙም።

«ትልልቁ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ትልልቁማ እየቀረ ነው፣ መምህር። አልፎ አልፎ ሲመጣም ሆቴሎች በጠዋት ይወስዱታል። ይውሰዱ፣ ጣዕሙ ያው ነው።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«አንዳንዴ ከተከዜ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከሌላ ቦታ። የዛሬውን እኔም አልጠየቅኩም» ብሎ ሳቀ። አምስት ገዛሁ።

ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የአሥር ዓመቷ ልጄ ዓሣ ሲከፈት ማየት ስለምትወድ ሮጣ መጣች። የመጀመሪያዋንና የሁለተኛዋን ሆድ ቀድጄ አጸዳሁ። ሦስተኛዋን ስከፍታት ግን ቢጫ ፍሬዎች ታጭቀው ወጡ። እንቁላል ነው።

«ማማ፣ ይቺ ዓሣ እናት ልትሆን ነበር?»

«አዎ።»

«ራሷ ትንሽ አይደለች እንዴ?»

ዝም አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ጓለይ፣ እርጉዝ ላም ማን ያርዳል? በእኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይቀጣው ነበር» አለች።

የልጄ ጥያቄና የእናቴ መልስ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ልጅ የሚያሳድግ፣ የልጅ ልጅ የሚያይ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ስለመሰለኝ ነው ይህን የጻፍኩላችሁ።

ትንሿ እናት

ቀረሶ ጥሩ እናት ናት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ በአፏ ይዛው ትዞራለች። በእነዚያ ቀናት እህል ውሃ የለም፤ አፏ በልጆቿ ተሞልቷልና ትጾማለች ማለት ይቻላል። ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተሽቀዳድመው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ቀረሶ የምታሳድገው አፏ የሚችለውን ያህል ነው። ትልቅ እናት ትልቅ አፍ አላት፤ ብዙ ልጅ ትይዛለች። ትንሿ እናት ጥቂት ብቻ ትይዛለች። በአንድ ውሃ ላይ የማስገር ጫና ሲበረታ ትልልቆቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ የቀሩት ደግሞ ገና በትንሽነታቸው መውለድ ይጀምራሉ። ሳያድጉ የሚወልዱት ዕድሜያቸው ማጠሩን ሰውነታቸው ስላወቀ ነው ማለት ይቻላል። ልጄ «ራሷ ትንሽ አይደለች እንዴ?» ያለችው ይህንኑ ነበር፤ ሳታውቀው የሐይቅ ተመራማሪ የሚጠይቀውን ጠየቀች።

በባሕር ዓሦች ላይ ልዩነቱ የበለጠ ያስደንቃል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚሰገር ቀይ ስናፐር የሚባል ዓሣ አለ። ርዝመቷ 61 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ሴት ስናፐር የምትይዘው እንቁላል፣ 42 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 212 ሴቶች ተደምረው ከሚይዙት ጋር እኩል ነው። አንዷ ትልቅ እናት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ታናናሾቿን ትተካለች ማለት ነው። ትልቋን አውጥተን ስንበላ አንድ ዓሣ የበላን ይመስለናል።

በጉማራ ወንዝ አፍ ያየሁት

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ መምህራችን ለተግባር ትምህርት የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ወደሚገባበት ቦታ በጀልባ ወሰዱን። ውሃው ከደጋው በሚመጣ አፈር ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። በወንዙ አፍ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መረብ ተዘርግቷል። ከመረቡ ጀርባ ሌላ መረብ አለ። ታንኳ ላይ ያሉ ሰዎች ነጭ ዓሣ እየጎተቱ ያወጣሉ። ብዙዎቹ ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን መምህራችን አስረዱን። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ፣ ቁጥራቸው ከ15 የማያንስ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት ሐይቁ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም። ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰቡና ውሃውን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ፣ አየር ያለው ውሃ ነው። እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ በር ያልፋሉ። በሩ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ሳይለፋ ብዙ ያገኛል። አንዳንዱ ደግሞ መረብ እንኳ አያስፈልገውም፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበትናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም አብሮ ያልቃል።

ጣና ድሮ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ የሚሰገር ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መግባት ጀመረ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ተመራማሪዎች በመረብ እየለኩ ሲከታተሉ፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። የሕፃናቱ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ባሰ ሁኔታ ወርዶ ነበር።

በዚያ ቀን አንድ አዛውንት አስጋሪ ጀልባችን አጠገብ ቆመው መምህራችን የሚሉትን ሁሉ ሰሙ። ሲጨርሱ፣ «ልክ ነው ልጄ፣ አባቴም በዚህ ወር ወንዝ አፍ ላይ አይዘረጋም ነበር። ግን ነሐሴ ነው፤ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። ቤቴ ስድስት አፍ አለ። አንተ ምን ትመክረኛለህ?» አሏቸው። መምህራችን ወዲያው የሚመልሱት አላገኙም። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ቀላል መልስ አላገኘሁለትም። ዓሣው የሚወልድበት ወር ገበሬው የሚራብበት ወር መሆኑ ነው የጣና ችግር እምብርቱ።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። ጣናና ዙሪያውም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ባዮስፌር ማለት ሙሉ በሙሉ የሚጠበቅ እምብርት፣ በዙሪያው በጥንቃቄ የሚሠራበት ቀለበት፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው ኑሮውን የሚኖርበት ቦታ ያለው አሠራር ነው። ይሁንና ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር መረብ አይሰበስብም። የሚሰበስበው መረቡን የዘረጋው ሰው ነው፤ እሱም የሚሰበስበው ሲያምንበትና በዚያ ወር ሌላ የሚበላው ሲኖረው ነው።

ከአንድ አገር ሁለት ታሪክ

ከጣና ጋር የሚመሳሰል ሐይቅ በሩቅ ምሥራቅ፣ በፊሊፒንስ ነበር። ላናዎ ይባላል። እሱም እንደ ጣና የትም የማይገኙ የራሱ ዓሦች ነበሩት። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከልክ ያለፈ ማስገርና አጥፊ የአሰጋገር ዘዴ ተባበሩበት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ከሐይቁና ከመውጫው ብርቅዬ 17 ዓሦች 15ቱ ከምድር ገጽ ጠፍተዋል፣ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀሩም ሲል አስታወቀ። የዚያ አገር ሕፃን ዛሬ አያቱ የበላችውን ዓሣ በሥዕል ካልሆነ አያየውም።

ሁለተኛው ታሪክ የመጣውም ከዚያው አገር ነው። አፖ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ የሚኖሩት በኮራል መካከል የሚውለውን ዓሣ እያሰገሩ ነው። ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቃቅን ሕያዋን ለብዙ ዘመን የገነቡት የባሕር ውስጥ ከተማ ነው፤ ዓሣው ይደበቅበታል፣ ይመገብበታል፣ ይራባበታል። አስጋሪዎቹ ፈንጂና መርዝ መጠቀም ጀምረው ከተማዋ እየፈራረሰች፣ ዓሣውም እየራቀ ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ከነዋሪዎቹ ጋር ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ጥቂት ቤተሰቦች ከማስገሪያቸው አንድ አሥረኛ ያህሉን ለመዝጋት ተስማሙ። ወታደር አልመጣላቸውም። ራሳቸው በተራ ይጠብቁት ጀመር።

ዓመታት አለፉ። በተዘጋው ክፍል ትልልቆቹ ዓሦች ተመለሱ፤ ከድንበሩ ወጣ ባለው ውሃም የሚሰገረው ተሻሻለ። አስጋሪው እንደ ድሮው ሩቅ ባሕር ድረስ መቅዘፍ ቀረለት።

ይህ የሆነው እንዴት ነው? ነገሩ በሦስት መንገድ ይሠራል። መጀመሪያ፣ በተዘጋው ቦታ ያለ ዓሣ ዕድሜ ያገኛል፤ ያድጋል፤ ትልቋ እናት ትፈጠራለች። ሁለተኛ፣ የብዙ ባሕር ዓሦች እንቁላልና ጫጩት በማዕበል እየተወሰደ ሩቅ ይደርሳል፤ ስለዚህ የተዘጋው ቦታ ለክፍቱ ዘር ይልካል። ሦስተኛ፣ ቦታው ሲሞላ ጎልማሳው ዓሣ ድንበሩን እየተሻገረ ይወጣል። ለዚህ ነው በብዙ አገሮች፣ በቅርባችን በኬንያ ሞምባሳ ሳይቀር፣ አስጋሪዎች ወጥመዳቸውን ከጥብቁ ቦታ ድንበር ሥር መደርደር የሚወዱት። የሞላ ጎተራ ከሥሩ ያፈሳል።

ሜክሲኮ ውስጥ ካቦ ፑልሞ የሚባል መንደር የዚህ ትልቁ ምስክር ነው። የዓሣው መመናመን ያስጨነቃቸው ቤተሰቦች ባሕራቸው እንዲጠበቅ ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ፓርክ ሆነ። ከ1999 እስከ 2009 ባሉት አሥር ዓመታት በውስጡ ያለው ዓሣ በክብደት ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ጭማሪ አሳየ፤ በትክክል ሲቀመጥ 463 በመቶ። አስጋሪዎቹ ዛሬ በብዛት የሚተዳደሩት ዓሣውን ለማየት በሚመጣ እንግዳ ነው።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ተሳክቶለታል ማለቴ አይደለም። በወረቀት ብቻ የተዘጋ ብዙ ባሕር አለ። ጥበቃ ከሌለው፣ የአካባቢው ሰው ካልተማከረ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጎድልበትን የሚሞላለት ከሌለ፣ ፍሬ አያፈራም። እንደ ጣና ነጭ ዓሣ ለሚጓዝ ዓሣ ደግሞ ቦታ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ መንገዱንና ወሩን መዝጋት ያስፈልጋል። ኮራል ውስጥ የሚኖረው ብዙው ዓሣ ከሰፈሩ ርቆ አይሄድምና ትንሽ ቦታም ይበቃዋል።

እናቴ ያለ መጽሐፍ የምታውቀው

ይህን ሁሉ ለልጄ ሳወራላት እናቴ ምስሯን መልቀም ትታ ታዳምጥ ነበር። በመጨረሻ፣ «እና ይሄ ሕዛእቲ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ፊሊፒንስ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ።

ሳቅኩ፤ ግን ልክ ናት። የመቀሌን ዙሪያ ለማታውቁ አንባቢያን ልንገራችሁ። ሕዛእቲ በትግርኛ ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨት እንዳይቆረጥበት ሕዝቡ ተስማምቶ የከለለው ቦታ ነው። እናቴ የተወለደችው እንደርታ ነው። ልጅ ሳለች ከመንደራቸው በላይ ያለው ተራራ ድንጋይ ብቻ ነበር ትላለች። በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ ዘጋው። መተዳደሪያውን፣ ስሪት የሚሉትን፣ ራሱ አወጣ፤ የገባ ከብት ባለቤት ይቀጣል፣ ሣር በወቅቱ በማጭድ ታጭዶ በእኩል ይከፋፈላል፣ ጠባቂው ከሁሉም ቤት ይሰፈርለታል።

መጀመሪያ ላይ የተቃወሙ ነበሩ። ከብታቸውን የት ያሰማሩ? የእናቴ ታላቅ ወንድም ራሱ ሌሊት ፍየሎቹን አስገብቶ ተቀጥቷል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ዓመት ግን ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ክትክታው፣ ሰራው፣ ወይራው ከየት መጣ ሳይባል በቀለ። ዝናቡ አፈር ይዞ መውረዱን ትቶ መሬት ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ከተራራው ሥር የደረቀችው ምንጭ ውሃ አወጣች። ንብ መጣ። አጎቴ በዚያች ምንጭ ቃሪያና ቲማቲም አልምቶ ልጆቹን አስተማረ፤ ፍየሎቹን ሲያስገባ የተቀጣውን ቅጣት እየጠቀሰ ይስቅ ነበር።

ትግራይ በዚህ ሥራ በዓለም ታውቃለች። ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2017 በረሃማነትን በመከላከል የፊውቸር ፖሊሲን የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። እናቴ ስለ ሽልማቱ የሰማችው ከእኔ ነው። «እኛ የዘጋነው ለሽልማት አልነበረም» አለችኝ።

ከሰሉ

አሁን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ።

በጦርነቱ ዓመታት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ እዚህ ሮማናት ሰፈር ነበርን። መብራት ጠፍቶ ወራት ይቆይ ነበር። ባንክ ዝግ ነው። ደሞዝ የለም። ጋዝ የሚባል ነገር ከየት ይምጣ? ምግብ የምናበስለው በከሰል ነው። በአንድ ጠዋት በር ላይ አንዲት ሴት ከነማዳበሪያው ከሰል አምጥታ ከጌጤ የቀረችኝን የጆሮ ጉትቻ ለዋጠችኝ። ደስ አለኝ፤ ልጆቼ ያን ቀን የበሰለ ነገር ይበላሉ።

እናቴ ማዳበሪያውን ፈታችና አንዱን ከሰል አንሥታ በእጇ አገላበጠችው። «ሰራው ነው» አለች። ሴትየዋን ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት። ስሙን ስትነግራት እናቴ ዝም አለች። የእኛው ተራራ ነው። ጠባቂ የሚሰፈርለት እህል አልነበረም፤ ስሪት የሚሰበስበው ሰው ተበታትኗል፤ ረሀብ ገብቷል። ሰው የነበረው አንድ ነገር ተራራው ብቻ ነበር።

እናቴ ሴትየዋን አልተቆጣቻትም። ቁራሽ እንጀራ ሰጠቻትና ሸኘቻት። ማታ ግን ከሰሉ ሲቀጣጠል ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ እሳቱን አራገብኩ። ዛሬም ቢሆን ልጆቼን ከማስራብ ያንን ከሰል አቃጥላለሁ፤ አልዋሻችሁም። የጉማራው አዛውንት «ምን ትመክረኛለህ?» ያሉት ያኔ ነው በትክክል የገባኝ። የዘጋነውን ነገር የምንከፍተው ክፉ ሰዎች ስለሆንን አይደለም፤ ቀን ሲከፋብን ነው። እንግዲህ የተዘጋ ቦታ የሚጠበቀው በጥጋቡ ጊዜ ነው። ክፉ ቀን የደረሰበት መንደር መጀመሪያ ሰው ይርዳው እንጂ ተራራውን ብቻ አይዘዙበት።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

የምኖረው ከባሕር ርቄ ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ። ግን የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጠናቀቀ ወዲህ ከኋላው ትልቅ ሐይቅ ተፈጥሮልናል፤ ወጣቶች ተደራጅተው የሚሰግሩበት ነው። ከመቀሌ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ሐሸንጌ አለ። በየቦታው የመስኖ ግድቦች አሉ። እነዚህ ውሃዎች ገና ወጣት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ጣና የሄደበትን መንገድ ከመሄዳቸው በፊት ዳር ዳሩ፣ ሣር የበዛበትና ቀረሶ ጎጆ የሚሠራበት ጥልቀት የሌለው ክፍል፣ እንደ ሕዛእቲ ቢከለል ምን ነበረበት? የሚወስኑት አስጋሪዎቹ ራሳቸው ቢሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። ዓለምም ወደዚያው እያመራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ የተሰበሰቡ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከየብሱ፣ ከባሕሩና ከውስጥ ውሃው 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ሐይቅና ወንዝም በዚህ ውስጥ ናቸው።

በየቤታችን የምንችለው ትንሽ ነው፤ ግን ትንሹን እንናቀው ብዬ አላምንም። ዓሣ ስትገዙ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተሰገረ ጠይቁ። ገዢ የማይጠይቀውን ሻጭ አይጠይቅም፤ ሻጭ የማይጠይቀውን አስጋሪ አይጨነቅበትም። ከመዳፍ የማይበልጠውን ተዉት፤ ውድ ቢሆንም አንድ ትልቅ ከአምስት ትንንሽ ይሻላል ብላችሁ አትሳሳቱ ግን፤ ትልቋ እናት ከወንዝ አፍ የተያዘች ከሆነች ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ወሩንም እዩ። በክረምት ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ ለሻጩ በትሕትና ንገሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልጆቻችሁ ጋር ክፈቱት፤ እንቁላሉን አሳዩአቸው፤ ሲጠይቁ አትቸኩሉ። አያቶችም በልጅነታችሁ ምን ይዘጋ እንደነበር፣ ማን ይጠብቀው እንደነበር፣ ማን ሰርቆ እንደተቀጣ አውሩላቸው። እንዲህ ያለ ወግ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን፣ እናቴ፣ እኔና ልጄ፣ እናቴ ወደተወለደችበት መንደር ሄድን። ከጦርነቱ በኋላ እናቴ ተራራውን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እስከዚያ ቀን አልሄድም ትል ነበር።

ከሩቅ ሲታይ ራሰ በራ ሆኗል። እናቴ በምርኩዟ ወደ ላይ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። አንድ የተቆረጠ ሰራው ጉቶ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከጉቶው ዙሪያ ስድስት ወይም ሰባት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተዋል፤ ቁመታቸው ልጄ ወገብ ይደርሳል። ሥሩን አልነቀሉትም ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ በጥላ ሥር ተቀምጠው ወደ እኛ ይመለከቱ ነበር። ጠባቂው ናቸው። መንደሩ ዘንድሮ ተሰብስቦ እንደገና ዘግቶታል።

ሽማግሌው ተነሥተው መጡና ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። እናቴ የአባቷን ስም ነገረቻቸው። አወቋት፤ ተሳሳሙ። ልጄ ግን በዚህ መካከል ከቅርንጫፎቹ አንዱን ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ ሽማግሌው አዩአት።

«ተዪው ጓለይ» አሏት በለስላሳ ድምፅ፣ «ገና ሕፃን ነው።»

ልጄ እጇን ሰበሰበችና ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። የቅዳሜዋን ዓሣ እንዳስታወሰች ገባኝ።